ቮልስ ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ፦ ከሊብሬው እስከ ስም ዝውውሩ

ቮልስ ገዝተው ማደስ ከሚጀምሩት ብዙዎቹ መኪናውን አይጨርሱትም። ሞተሩ ከባድ ሆኖ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ስለሚዛባ ነው። ቀለሙ አምሮ ወለሉ ይበሳሳል። ሞተሩ ታድሶ ሲያልቅ ሊብሬው በሟች ስም ሆኖ ይገኛል። ወይም መኪናው በአንድ ቅዳሜ ተፈትቶ፣ ዕቃው በሦስት ጆንያ ተቋጥሮ ግቢ ውስጥ ሁለት ክረምት ይዘንብበታል።

ይህ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ለተሠሩት 1200 እና 1300 ቮልሶች ነው። ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዘለለ ሰው ከሦስተኛው በኋላ ያለውን ባያነበው ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት አዘጋጁ

ቦታ፦ ጣሪያ ያለውና ወለሉ የተደላደለ ይሁን። የተፈታ መኪና ካልተፈታው እጥፍ ቦታ ይይዛል። ለተወሰነ ጊዜ የተለመነ ግቢ ላይ አትጀምሩ።

ገንዘብ፦ በእጃችሁ ካለው ከግማሽ በላዩን ለግዢ አታውሉ። ከቀረው ላይ ሩቡን ላልታሰበ ወጪ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ያልታሰበው መምጣቱ አይቀርም።

መሣሪያ፦
- የ10፣ 13፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፎች፤ ለዲናሞው ፑሌጃ (ቤልቱ የሚዞርበት ክብ) 21፤ ለኋላ ጎማ አክስል 36 ቡሽ ከረጅም ዘንግ ጋር
- የክፍተት መለኪያ ቅጠል (0.15 እና 0.40 ሚሊ ሜትር ያለበት)
- ቴስተር፣ የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ፣ ማግኔት፣ ስለታም ካቻቪቴ
- ክሪክ እና ሁለት መደገፊያ። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። መደገፊያውን በፊተኛው አግዳሚ ቱቦና በኋላው የቶርሽን ቱቦ ሥር አድርጉ፤ ወለሉ ሥር ካደረጋችሁት ይቀድዳል።
- ቢያንስ 2 ኪሎ የሚይዝ የዱቄት እሳት ማጥፊያ። ይህን «በኋላ እገዛለሁ» አትበሉ፤ ምክንያቱን ደረጃ 4 እና ደረጃ 6 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ሳይሆን ወረቀቱን እዩ

1. ኦሪጅናል ሊብሬውን ጠይቁ። ኮፒ ከሆነ ውይይቱን እዚያው አቁሙ።

2. የሻንሲ ቁጥሩን ከብረቱ ላይ አንብቡ። የኋላ ወንበሩን መቀመጫ ስታነሱ፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመትቶ ታገኙታላችሁ። ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ከትርፍ ጎማው ጀርባ ባለው ሳህን ላይም አለ። ሁለቱም ከሊብሬው ጋር አንድ መሆን አለባቸው። ቁጥሩ ዙሪያ ብየዳ ወይም የሞረድ ምልክት ካያችሁ አትግዙ።

3. ዓመቱን ከቁጥሩ አረጋግጡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው ዓመቱን ይናገራሉ፤ በ115 የሚጀምር የ1965፣ በ118 የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። የአንድ ዓመት ሞዴል ማምረት የሚጀመረው ባለፈው ዓመት ነሐሴ ገደማ ስለሆነ የጥቂት ወራት ልዩነት አያስደንግጣችሁ። ሻጩ «የ65 ነው» ብሎ ሦስተኛው አሃዝ 5 ካልሆነ ግን ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

4. የሞተር ቁጥሩን እዩ፤ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር በሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። ቮልስ በዕድሜው ሁለት ሦስት ሞተር የሚቀይር መኪና ነው፤ መቀየሩ ችግር የለውም። ችግሩ ለውጡ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ካልተመዘገበ ሻጩ አስመዝግቦ ይምጣ፤ «ውሉን እንፈራረም፣ በኋላ እናስተካክላለን» አይሠራም።

5. ሊብሬው በማን ስም ነው? ባለቤቱ ካረፉ የወራሽነት ማረጋገጫና የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል። አንዱ ወራሽ ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው እስኪደርስ ጠብቁ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ሰነዱ ላይ መሸጥና ስም ማዛወር የሚል በግልጽ መጻፉን፣ ውክልናው አለመሻሩን፣ ወካዩም በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጡ። ወካዩ ከሞቱ ውክልናው አብሯቸው ያበቃል። ከእጅ ወደ እጅ አራት ውክልና የተቀባበለ ቮልስ ብርቅ አይደለም፤ ሰንሰለቱ ከአንድ ቦታ ከተበጠሰ የምትገዙት ብረት ብቻ ነው።

6. እዳና እገዳ አጣሩ። የቀረጡንም ነገር ጠይቁ፤ በቀረጥ ነፃ ገብቶ የቀረ መኪና ስሙ ሊዞር ሲል ነው ጉዱ የሚወጣው። ቦሎ ሳያድስ ዓመታት የቆመ ከሆነ ውዝፉ ስንት እንደሆነ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ አስሉና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ካልሆነስ? ሊብሬ የሌለውን ቮልስ ለመለዋወጫ ብቻ፣ በመለዋወጫ ዋጋ ግዙ። ያም ቢሆን የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ይዛችሁ፣ በጽሑፍ።

ደረጃ 2፦ ገላውን በካቻቪቴ ፈትሹ

ቮልስን የሚገድለው ሞተሩ አይደለም፤ ሞተር በአራት ቡሎን ተይዞ ነው ያለው፣ ወርዶ ይቀየራል። የሚገድለው ዝገት ነው። በጠዋት ሂዱ፣ ምንጣፉን አንሱ፣ በዚህ ተራ እዩ፦

1. የባትሪው ሥር። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የፈሰሰ አሲድ ወለሉን ስለሚበላ እዚህ ያልበሰበሰ ቮልስ ማግኘት ዕድል ነው። ይህ ብቻውን ከሆነ ይጠገናል።

2. ወለሉ። ከሥር ተኝታችሁ በካቻቪቴው ጫፍ እየገፋችሁ ሂዱ። ጤነኛ ላሜራ ቀጭ የሚል የጠራ ድምፅ አለው፣ ጫፉም ይንሸራተታል። የታመመው ድምፁ የታፈነ ነው፤ ትንሽ ስትገፉ ቡናማ ቅርፊት ፊታችሁ ላይ ይራገፋል። አዲስ ሬንጅ የተቀባ ወለል ካያችሁ ደግሞ «ለምን ትናንት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሬንጁን በአንድ ቦታ ለመፋቅ የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

3. ከበሩ ሥር በቁመቱ የሚሄደው ሳጥን። ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ አየር የሚያልፍበት ሲሆን መኪናውን ቀጥ አድርጎ የያዘውም እሱ ነው። በሩን ክፈቱና ዝጉ። ሲዘጋ ከፍ ማድረግ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ወይም በበሩና በገላው መካከል ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል ካልሆነ ሳጥኑ ደክሟል፣ መኪናውም መሃሉ ላይ መጉበጥ ጀምሯል።

4. የሻንሲው ራስ፤ የፊት እግሮቹ የሚታሰሩበት ቦታ። እዚህ የተቀደደ ወይም በብየዳ የተለጣጠፈ ካያችሁ ተዉት።

5. የትርፍ ጎማው ጉድጓድ፣ የኋላ መከላከያው የሚታሰርበት፣ የበሮቹ ታች። እነዚህ ባትላሜራ (የገላ ሠራተኛ) በቀላሉ የሚጨርሳቸው ናቸው።

6. ማግኔቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፓራፋንጎዎቹ (በጎማ መሸፈኛዎቹ) እና በበሮቹ ላይ አስኪዱ። የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ሊጥ) ነው።

ፍርዱ፦ ወለል ብቻ ከሆነ ግዙ። ወለልና አንድ የበር ሳጥን ከሆነ በደንብ ቀንሳችሁ ግዙ። ሁለቱም ሳጥኖችና የሻንሲው ራስ ከሄዱ በነፃ ቢሰጧችሁም እንቢ በሉ። በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተከለከለ «ሻንሲውን ከሌላ ቮልስ አመጣለሁ» የሚለው ሐሳብ አገር ውስጥ ባሉት ብቻ የተወሰነ ነው፤ እነሱንም ሌላው አዳሽ እያደናቸው ነው።

ደረጃ 3፦ ሞተሩን ሳይሞቅ ያዙት

ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ቀጠሮውን ቀይሩ። ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ቀዝቃዛ መሆን አለበት።

1. ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የታችኛውን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ እናንተ ሳቡ፣ ወደ ውስጥ ግፉ። ጭራሽ የማይሰማ ያህል ንቅናቄ ጤና ነው (ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር)። ቶክ ቶክ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ከ0.15 አልፏል፤ የውስጡ ብሮንዚን (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይፈታል ማለት ነው። ሒሳቡን በዚያ አስቡ።

2. አስነሱት። መጀመሪያ ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ አትፍሩ፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ ስለሆኑ ዘይት ይጠራቀማል። ከሞቀ በኋላም የሚያጨስ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ መምሪያው አልቋል።

3. ከሞቀ በኋላ አራቱንም ካንዴላ አውጡና ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ኮምፕሬሽን ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የፋብሪካው ቁጥር ለባህር ጠለል የወጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ንባቡ በሩብ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ ሞተር አትኮንኑ፤ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። አንዱ ከሌሎቹ በ20 ፒኤስአይ ከወረደ ችግር አለ።

4. በተለይ 3ኛውን ሲሊንደር እዩ። በሾፌሩ በኩል ካሉት ሁለት የፊተኛው ነው። በድሮዎቹ ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው በላዩ ላይ ቆሞ አየር ስለሚሻማው ከሁሉም በላይ ይሞቃል። የጭስ ማውጫ ቫልቭ ሲቃጠል የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ የእሱ ነው።

5. በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የላሜራ ሽፋኖችና የዳሩን ጎሚኒ ቁጠሩ። «ለመሥራት ያስቸግራል» ብሎ መካኒክ የጣላቸው ከሆነ ሞተሩ ከሥሩ የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እየተነፈሰ ነው የኖረው።

ከዚያ ተደራደሩ፤ ውሉን ውልና ማስረጃ ፊት ፈርሙ፤ ስሙን ወዲያው አዙሩ። አንድ ብሎን ሳትነኩ።

ደረጃ 4፦ ወለሉንና የበር ሳጥኖቹን ሥሩ

የአፈታቱ ሕግ አጭር ነው፦ አንድ ክፍል ፈትታችሁ፣ ሠርታችሁ፣ ገጥማችሁ ወደ ቀጣዩ ሂዱ። የፈታችሁትን ብሎን በፕላስቲክ ከረጢት፣ በላዩ ላይ ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ። ፎቶ አንሱ፣ ከሁለት አቅጣጫ።

ብየዳ ከመጀመሩ በፊት፦
- ባትሪውን አውጡ።
- የፊቱን ሳልባትዮ (የቤንዚን ታንከር) አውርዱና ከግቢው ራቅ አድርጉ።
- የቤንዚኑ ቱቦ በመካከለኛው ጉብታ ውስጥ እንደሚያልፍ አትርሱ። ሁለቱንም ጫፍ ፈትታችሁ በአየር ንፉት፣ ድፈኑት። ባትላሜራው ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ንገሩት።
- ወንበሮቹንና ምንጣፉን አውጡ፤ የድሮውን የሬንጅ ወረቀት በሙሉ ፋቁ። ሬንጅ በብየዳ ይቀጣጠላል።

1. የበር ሳጥን የሚቆረጥ ከሆነ መጀመሪያ በበሩ ክፍት ቦታ ላይ ሁለት ብረት አግድም በይዳችሁ ገላውን አስሩ። ይህ ከተዘለለ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም።

2. አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ነው ሌላውን የምትቆርጡት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ በጭራሽ።

3. የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ቁረጡ። በበሰበሰው ላይ አዲስ ላሜራ መደረብ የተለመደ የጋራዥ አቋራጭ ነው፤ በሁለቱ መካከል ውኃ ይዞ ከሁለት ክረምት በኋላ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ።

4. ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ተጠቀሙ። ሽቦ በሚጎርሰው የሲኦቱ ብየዳ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር በይዶ ወደ ሌላ ጫፍ መዝለል። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ወለል እንደ ቆሎ መቁያ ምጣድ ይረግባል።

5. መጋጠሚያውን በማሸጊያ፣ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ ከውጭ ብቻ ሬንጅ። በበሮቹ ታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኑ።

6. ባትሪውን ስትመልሱ ሽፋን አድርጉለት። የኋላ ወንበሩ ሞላ ብረት ነው፤ ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ወርዶ የባትሪውን ራስ ከነካ የወንበሩ ጭድ ይነዳል። ሽፋኑ ከጠፋ ወፍራም ጎማ ቆርጣችሁ እሰሩበት።

ደረጃ 5፦ ፍሬን

ቆሞ የኖረ መኪና ፍሬኑ «ይሠራል» ቢባልም አትመኑ። አራቱንም የጎማ ፖምፔታ (በዘይት ግፊት ፍሬኑን የሚያስይዝ ሲሊንደር)፣ የጎማ ቱቦዎቹንና ዋናውን ፖምፔታ ለውጡ። መክፈል የማይቆረቁርበት ቦታ ይህ ነው።

1. የኋላውን ታምቡር ለማውጣት የ36ቱን ዳዶ መኪናው መሬት ላይ እያለ አላሉት። ኮፒሊያውን (የተሰነጠቀውን ሽቦ) መጀመሪያ አውጡ፤ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ።

2. ስትመልሱት 300 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። ይህን የሚለካ ቁልፍ ከሌላችሁ የ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ መጫን ማለት ነው። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ አጥብቁ እንጂ አታላሉ። ላልቶ የተነዳ ታምቡር ጥርሱ ተበልቶ፣ መኪናው ማርሽ ገብቶ ሞተሩ እየጮኸ ቆሞ ይቀራል።

3. በፊት በግራ በኩል ያለው ዳዶ ክሩ በተቃራኒ ሊሆን ይችላል። የፍጥነት መቁጠሪያው ሽቦም በዚያው ጎማ መሃል ነው የሚያልፈው። ክሩን ሳታዩ በቱቦ አታስገድዱ።

4. አየር ከማውጣታችሁ በፊት ሸራዎቹን (ታምቡሩን የሚይዙትን) አስተካክሉ፤ የአብዛኛው ሰው ስህተት እዚህ ነው። በቀዳዳው በኩል ባለ ጥርሱን ማስተካከያ ጎማው እስኪይዝ አዙሩ፣ ከዚያ በነፃ እስኪዞር 3 ወይም 4 ጥርስ መልሱ። ሳይስተካከል አየር ቢወጣ ፔዳሉ ሁሌ ታች ይወርዳል፤ ሰውም አዲሱን ፖምፔታ ይረግማል።

5. አየር አወጣጡ፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። ዶት 3 ወይም ዶት 4 ዘይት ብቻ። የሞተር ዘይት ጠብታ ከገባ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ፤ እንደገና ከ1 ትጀምራላችሁ።

6. ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘንጉና ፖምፔታው መካከል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይቅር። ክፍተት ከሌለ ፍሬኑ ሲሞቅ ራሱ ይይዛል።

ደረጃ 6፦ ቤንዚንና እሳት

ቮልስ የሚቃጠልበት መንገድ ሁሌም አንድ ነው፦ የደረቀ የቤንዚን ጎማ፣ ከሥሩ ትኩስ ሞተር። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን የጎማ ቱቦ በሙሉ ጣሉና በአዲስ ተኩ፣ ሁለቱንም ጫፍ በማሰሪያ። የቤንዚን ማጣሪያውን ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ አታንጠልጥሉት። ካርቡራተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባበትን የናስ ቱቦ በጣት ነቅንቁት፤ ከተነቃነቀ ወልቆ የሚወድቅበት ቀን ቀርቧል፤ አውጥታችሁ በጥብቅ አስገቡት።

ሳልባትዮው ውስጥ ዝገት ካለ አጥባችሁ አድርቁት። ሳይታጠብ ካርቡራተር ማጽዳት ባዶ ድካም ነው።

ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ከሆኑ ደግሞ መንስኤው ከፍታው ሊሆን ይችላል። በ2,300 ሜትር ላይ ለባህር ጠለል የተመጠነ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። ዋናውን ጅግለር (ቤንዚን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ናስ) አንድ ቁጥር አሳንሱ፤ 122.5 ከነበረ 120 ሞክሩ፣ ካንዴላው ቡናማ እስኪሆን። ጉልበቱ በሩብ ያህል መቀነሱን ግን ምንም አይመልሰውም፤ 34 ፈረስ ጉልበት የተባለው እንጦጦ ዳገት ላይ 34 አይደለም።

ደረጃ 7፦ ሞተሩን አስተካክሉ

ኮምፕሬሽኑና የፑሌጃው ንቅናቄ ደህና ከሆኑ ሞተሩን አታውርዱ፣ አትበትኑ። በዚህ ተራ ሥሩ፦

1. ዘይት፦ 2.5 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ የወረቀት ማጣሪያም የለውም። ከሥር ያለውን የሽቦ ወንፊት አውጥታችሁ እጠቡ። ወንፊቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካያችሁ ደረጃ 3 ቁጥር 1ን ድገሙ። ስድስቱን ትንንሽ ዳዶ በአጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት ጉልበት አጥብቁ፤ ክሩ በቀላሉ ይላጣል። ዘይቱን በየ3,000 ኪሎ ሜትር ለውጡ።

2. ቫልቭ፦ ሞተሩ ሌሊቱን አድሮ፣ ቀዝቅዞ። ክፍተቱ ለሁሉም 0.15 ሚሊ ሜትር። 1ኛው ሲሊንደር (በተሳፋሪው በኩል የፊተኛው) ከላይ ሲደርስ ሁለቱን ቫልቮቹን አስተካክሉ። ከዚያ ፑሌጃውን ወደ ኋላ፣ ማለትም በሰዓት ተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር አዙሩና 2ኛውን፣ በግማሽ ዙር 3ኛውን፣ በግማሽ ዙር 4ኛውን። የማቀጣጠያው ተራ 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ስታዞሩ በቁጥር ቅደም ተከተል ይመጣላችኋል። «ቫልቩ ስለሚጮህ አጥብቀው» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ትንሽ የሚንጫጫ ቫልቭ ጤነኛ ነው፣ ዝም ያለው ነው የሚቃጠለው።

3. ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው መገናኛ) 0.40፣ ካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7። ፑንቲናውን ሳታስተካክሉ የማቀጣጠያ ጊዜውን (ፋዝ) አትንኩ፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይቀይረዋል።

4. ቤልቱን መሃሉ ላይ በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ይግባ። ከላላ በዲናሞው ፑሌጃ ሁለት ገጾች መካከል ካሉት ቀለበቶች አንዱን አውጡና ከዳዶው ሥር ከውጭ አኑሩት። አትጣሉት፤ አዲስ ቤልት ስትገጥሙ ይመለሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ ይኸው ቤልት የማቀዝቀዣውንም ፋን ያዞራል። እየነዳችሁ ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ «ባትሪው ነው» ብላችሁ ቤት ለመድረስ አትሞክሩ። ወዲያው ቁሙ። ቤልቱ ተበጥሶ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሞተሩን ለመጨረስ ይበቃል።

*ሲበላሽ*

- ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፦ መጀመሪያ ኮንደንሰሩን፣ ቀጥሎ ቦቢናውን (ለካንዴላው ብልጭታ የሚያመነጨውን) ለውጡ። ካርቡራተር አትፍቱ።
- ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየጎተተ ቀስ ይላል፣ ባትሪው ግን ሙሉ ነው፦ ከካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አፍንጫ ወደ ገላው የሚሄደውን የመሬት ገመድ አጽዱ ወይም ለውጡ።
- ስራ ፈቶ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፦ ከካርቡራተሩ ሥርና ከቴስታታዎቹ (ከሲሊንደር ራሶቹ) ጋር ባለው መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ውኃ እርጩ። ድምፁ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው፤ ጓርኒሲዮኑን (የመጋጠሚያውን ማሸጊያ) ለውጡ።

ደረጃ 8፦ ኤሌትሪክ

ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠሩት በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ናቸው። ብዙዎቹ በዕድሜያቸው መሃል በከፊል ብቻ ወደ 12 ቮልት ተቀይረዋል፤ የከፋው ይህ በከፊል የተቀየረው ነው። ወይ ባለ 6 እንደሆነ ተዉት፣ ወይ አምፖሉን፣ ቦቢናውን፣ ዲናሞውን ከነሬጉሌተሩ፣ የፍሬቻ ማብሪያውንና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር በአንድ ጊዜ ቀይሩ።

ፊውዞቹን ክፈቱ። በሲጋራ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ካገኛችሁ የሚቃጠለው ቀጥሎ ሽቦው ነው። ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፒር ነው፤ ትክክለኛውን አስገቡ።

ደረጃ 9፦ ከቀለም በፊት 500 ኪሎ ሜትር ንዱ

የቀለም ቀጠሮ ያዙ የሚል ሰው ይበዛል። አትያዙ። ወለል፣ ፍሬንና ሞተር የተሠራለትን መኪና በአሮጌው ቀለም ንዱት። የሚያፈስ፣ የሚንኳኳ፣ የሚሞቅ ነገር ሁሉ በዚህ ጊዜ ይወጣል። ሞተር ማውረድ ካስፈለገም አዲስ ቀለም አትቧጭሩም።

ጎሚስታው ለሁሉም ጎማ 32 ሞልቶ ይመልስላችኋል። ቮልስ ክብደቱ ኋላ ነው፦ ፊት ከ16 እስከ 18፣ ኋላ ከ24 እስከ 26 ፒኤስአይ። መሪው ቀለለ፣ መኪናው ወዲያ ወዲህ ይላል ብለው የፊት እግር ከሚያስፈቱት ውስጥ ስንቱ በጎማ ንፋስ ብቻ በዳነ።

ደረጃ 10፦ ቀለም

1. አራቱን ፓራፋንጎ፣ መከላከያዎቹንና መብራቶቹን አውርዱ። ፓራፋንጎና ገላው መካከል ያለውን ረጅም ጎሚኒ ሳያወልቅ በላዩ የሚቀባ ሰው የትም አለ፤ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ነው። የፓራፋንጎ ብሎኖች ከዛጉ ዋዜማውን ዘይት አጠጧቸው።

2. ስቱኮ ከ2 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ባትላሜራውን አስጠንቅቁ። የጎደጎደ በመዶሻ ይወጣል እንጂ አይሞላም።

3. ብርጭቆ ወረቀት፦ 80፣ 180፣ 320፣ ከዚያ ፕራይመር፣ ከዚያ 600 በውኃ። ቁጥር ከዘለላችሁ ጭረቱ ከሳምንታት በኋላ በቀለሙ ውስጥ ብቅ ይላል።

4. ሐምሌና ነሐሴ አታስቀቡ፤ እርጥበቱ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። በበጋ ደግሞ ወለሉን ውኃ ረጭታችሁ አቧራውን አስተኙ።

5. ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ቀለም ጠብቁ። መቀየር ካማራችሁ አስቀድማችሁ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቁ፤ ተቀብቶ ሲያልቅ አይደለም።

ዕቃ ከየት?

ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003፣ ብራዚል ውስጥ እስከ 1996 (በፈረንጅ) ይመረት ስለነበር አዲስ መለዋወጫ አሁንም አለ። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሻንጣው ውስጥ የሚገባውን ብቻ ላኩበት፦ ፑንቲናና ኮንደንሰር፣ የፍሬን ፖምፔታዎች፣ የጓርኒሲዮን ስብስብ፣ የካርቡራተር ጥገና ዕቃ፣ የበርና የመስታወት ጎሚኒ። የሞዴሉን ዓመት ጽፋችሁ ስጡት፤ «የቮልስ» ብቻ ብትሉት የማይገጥም ይዞ ይመጣል። ፓራፋንጎ፣ በር፣ ኮፈንና ቸርኬ (የጎማ ብረት) ሶማሌ ተራ፣ የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ሠፈር፣ ፈልጉ። ቸርኬ ስትገዙ ብሎኑን ቁጠሩ፤ የድሮው ባለ 5፣ የኋለኛው ባለ 4 ቀዳዳ ነው።

ደረጃ 11፦ ሽያጭ

ሒሳባችሁን በደረሰኝ አድርጉ፤ የራሳችሁን ጉልበት ግን አታስገቡ። ገዢ የእናንተን ቅዳሜዎች አይከፍልም።

1. አንድ ማህደር አዘጋጁ፦ የተበሳሳው ወለል ፎቶ፣ የተሠራው ወለል ፎቶ፣ የመለዋወጫ ደረሰኞች፣ የኮምፕሬሽን ንባብ። ሌላው ሻጭ ቀለሙን ሲያሳይ እናንተ ከሥር ያለውን አሳዩ፤ የዋጋ ልዩነቱ ከዚያ ነው የሚመጣው።

2. ቦሎው የታደሰ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈ ይሁን።

3. ገዢው ሲመጣ ሞተሩን ቀዝቃዛ አድርጋችሁ ጠብቁ። በደረጃ 3 እናንተ እንደፈተሻችሁት ይፈትሽ። የቀረውን ጉድለት ራሳችሁ ንገሩት፣ ውሉም ላይ አስፍሩት።

4. ከደላላ ጋር ከሆነ ኮሚሽኑን ከማን እንደሚወስድ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ጨርሱ። የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም እንዲሁ።

5. ባለትዳር ከሆናችሁ የትዳር ጓደኛችሁ ፈቃድ፣ ካልሆናችሁ ያላገባ ማስረጃ ቀድማችሁ አውጡ። በዚህ የተነሳ ከውልና ማስረጃ ሰልፍ የተመለሰ ገዢ ሐሳቡን ይቀይራል።

6. ገንዘቡ በባንክ ገብቶ ከማየታችሁ በፊት አትፈርሙ። ስሙ ሳይዞር በቀብድ ቁልፍ አትስጡ፤ አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።

ቁልፉን ስታስረክቡ ከፊት ኮፈኑ ሥር አንድ ትርፍ ቤልት፣ የ21 ቁልፍና አንድ ካቻቪቴ አስቀምጡለት። ፑሌጃው እንዴት እንደሚፈታም እዚያው አንድ ጊዜ እጁን ይዛችሁ አሳዩት።